አባትህ ሲቆሙ አትቁም

የአቤሴሎም አባት ሲናገሩ ይቆማሉ። ጎባ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ጋሽ ገብረ መድኅን በመንገድ ሲሄዱ ሰው ካናገራቸው እግራቸው ቀጥ ይላል። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ነገራቸውን ጨርሰው፣ ከዚያ ነው የሚራመዱት። ያስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያበረዱት የድንበር ጠብ ብዙ ስለሆነ አገሩ ያከብራቸዋል፤ አብሯቸው የሚሄደውም ሰው አብሯቸው ይቆማል። «ትልቅ ሰው ቃሉን እየረገጠ አይሄድም» ይላል የጎባ ሰው። እኔም አምኜው ነበር፣ ያውም የሰው አረማመድ እያየሁ እንጀራ የምበላ ሰው።

ስሜ ኤልሮኢ ነው። ሮቤ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ወገቡ የተያዘ የኮምባይነር ሹፌር፣ ከጋሪ የወደቀ ነጋዴ፣ ግማሽ ጎናቸው የደከመ እናቶች ይመጡልኛል። እኔም «እስቲ ይራመዱ» እላቸዋለሁ። ያደግኩት ሻሸመኔ፣ ሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። አባቴ ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ነገሩን ከለመድኩት ቆይቻለሁ፤ ለአቤሴሎም ቤተሰብ ግን አዲስ ነበር።

አቤሴሎም የሮቤውን የአባቱን የእህል መጋዘን የሚያስተዳድር ልጅ ነው። ትከሻውን አሞት መጣ። ትከሻው ዳነ፤ እሱ ግን መምጣቱን አልተወም። ሲወለድ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር ነው አሉ ስሙን ያወጡለት። የአመፀኛ ልጅ ስም ይዞ፣ አባቱ ፊት ድምፁን እንኳን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ይህ ጠባዩ መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ልንጋባ ስንነሳ የቤተሰቡ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ሽማግሌ የሚላከው የማን ደጅ ነው? በወጉ ሽማግሌ የልጅቷ አባት ደጅ ይቆማል፣ ይለምናል፣ ቀጠሮ ይቀበላል፣ ደግሞ ይመለሳል። ደጅ የሌላት ልጅ በምን ትለመናለች? ታላቅ ወንድሙ እሸቴ ነገር ማሽሞንሞን ስለማይወድ «ዘሯ ያልታወቀ» ብሎ አሳጠረው።

ቋጠሮውን የፈቱት ራሳቸው ጋሽ ገብረ መድኅን ናቸው። ጎባ ቤታቸው ምሳ ተጋብዤ ስመለስ ካልሸኘሁ ብለው እስከ ሚኒባሱ ማቆሚያ ወጡ። ከጽዶቹ በላይ ጉሙ መውረድ ጀምሯል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጥቂት እንደሄድን፣

«ኤልሮኢ ልጄ» አሉ። ቆሙ። ቆምኩ። «ደጅ የሌለው ሰው የለም። የምትኖሪበት ቤት ባለቤት ማን ናት?»

«ወይዘሮ የሺሃረግ ይባላሉ፣ አባባ።»

ትንሽ ተራመዱና እንደገና ቆሙ። «እሁድ ጠዋት ሽማግሌ እልካለሁ። በሩን ክፍት አድርጊው።»

ቃሉ ከብዷቸው የቆሙ መሰለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ እስከ ሮቤ ድረስ አለቀስኩ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት «ማን ሞተብሽ፣ ልጄ?» ብለው መቀነታቸውን ፈትተው መሐረብ ሰጡኝ። ማንም እንዳልሞተ ለማስረዳት ብሞክርም እንባዬ አላስወራኝ አለ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሁድ ደረሰ። እትዬ የሺሃረግ፣ ውሃ አበዛሽ፣ መብራት አብርተሽ አመሸሽ እያሉ ዓመቱን ሙሉ የሚጨቀጭቁኝ የቤት ባለቤቴ፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ማልደው ተነሱ። ከጎረቤት ወንበር ተዋሱ። የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፍተው ድንጋይ አስደገፉት። ጎረቤት ሁሉ በአጥር ላይ አንገቱን አሰገገ። እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰው ኮቴ አዳምጣለሁ።

ኮቴ አልመጣም። ቀትር ሆነ። አቤሴሎም ስልክ አያነሳም። እትዬ የሺሃረግ ምንም ሳይሉ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደየቤታቸው መለሱ። ቢቆጡ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ድንጋዩን በእግራቸው ገፍተው በሩን ዘጉት፤ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

በማግስቱ አቤሴሎም መጣ። ዓይኔን ማየት አልቻለም።

«አባባን ጠየቅኳቸው» አለ። «እንዲህ ያለ ቃል አልሰጠሁም አሉ።»

«አልሰጠሁም አሉ?»

«ፈጽሞ። ሸኘኋት፣ ደህና ግቢ አልኳት እንጂ ሌላ አልተነጋገርንም አሉ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ኤልዬ፣ አባቴ ዋሽተው አያውቁም።»

«እና እኔ ዋሸሁ?»

«እንደሱ አላልኩም። ምናልባት እንዲያው መልካም ምኞት ተናግረው ይሆናል፤ አንቺም ከጉጉትሽ የተነሳ…»

«ከጉጉቴ የተነሳ ቀኑን ጨምሬ፣ በሩንም ጨምሬ ሰማሁ?»

ይህ ልጅ ዝም ሲል ግድግዳ ነው። ከግድግዳ ጋር ስትጨቃጨቅ ደግሞ እብድ የምትመስለው ጨቅጫቂዋ ናት። ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቀስ ማለቱ ራሱ አንገበገበኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ገብረ መድኅንና ባለቤታቸው እማማ ሰንበቴ ለለቅሶ ሮቤ መጡ። በክሊኒኩ በር ፊት ለፊት ሲያልፉ በመስኮት አየኋቸው። እንደ ልማዳቸው ክንድ ለክንድ ተያይዘዋል። ጎባ ውስጥ ሙሽራ ሲመረቅ «እንደ ገብሬና እንደ ሰንበቴ ያድርጋችሁ» ይባላል፤ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ተያይዞ የሚሄድ ባልና ሚስት የለም። እኔ ግን ተናድጄ ነበር፤ የተናደደ ሰው ደግሞ አድናቆት የለውም፣ ያየውን ብቻ ያያል።

አንድ ሰውዬ ከጋሪው ላይ ሆኖ «አካም ጂርቱ ኦቦ ገብሬ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው። ጋሽ ገብረ መድኅን ቆሙ። «ነጋ፣ ነጋ» ብለው መለሱ። ሰውዬው አለፈ። እሳቸው ግን አልተነሱም። እማማ ሰንበቴ ክንዳቸውን ሳብ አደረጓቸው። እግራቸው ከመሬት እንደተጣበቀ ቆይቶ፣ ከዚያ በአጫጭር እርምጃ፣ ጫማቸው አስፋልቱን እየፈተገ ጀመሩ። ጥጉ ላይ ሲታጠፉ ሌላ ሰው በአንድ ዙር የሚዞረውን እሳቸው ትንንሽ እየረገጡ፣ እየረገጡ ዞሩት። የሚመሩት እማማ ሰንበቴ ናቸው። የሚያስቆሙት፣ የሚያስነሱት፣ የሚያዞሩት ሚስታቸው ናቸው።

በጉልበቴ ላይ የነበረው ፎጣ ወደቀ።

እግር ብቻውን አይሄድም፤ የሚያስኬደው ጭንቅላት ነው። ጤነኛ ሰው እየሄደ ያወራል፣ እያወራ ከኪሱ ቁልፍ ይፈልጋል፣ ያንንም እያደረገ የመንገዱን ጭቃ ይዘላል። ጭንቅላት ሲደክም ግን ሁለት ሸክም ባንድ ላይ አይችልም፤ አንዱን ያስቀምጣል። የቆመ ሽማግሌ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። ጉልበትም ያስቆማል፣ ዓይንም ያስቆማል፣ መውደቅን መፍራትም ያስቆማል። ነገር ግን ቀስ ያለ እርምጃ፣ ሲናገር የሚቆም እግርና በሳምንቱ የጠፋ ቃል ባንድ ሰው ላይ ከተገናኙ፣ ያ ሰው በቶሎ መታየት አለበት። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ከሳቸው ጋር ስሄድ ግን ሙሽራ እንጂ ባለሙያ አልነበርኩም።

እኔ አልዋሸሁም። እሳቸውም አልዋሹም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

ለአቤሴሎም ልነግረው መጋዘኑ ድረስ ሄድኩ። የስንዴ ጆንያ ጣራ ድረስ ተደርድሯል፣ አቧራው ያስነጥሳል። ሠራተኞቹ እስኪወጡ ጠብቄ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።

«እምቢ ስላሉሽ አባቴን አበዱ ልትይ ነው?»

ይህን እንደሚለኝ አውቄ ነበር የመጣሁት። ቢሆንም ሲባል ያማል። ይህን ነገር ለመናገር ከሮቤ እስከ ጎባ ካለው ሰው ሁሉ የማይገባው አንድ ሰው ቢፈለግ፣ እኔ ነኝ።

«አበዱ አላልኩም። ሐኪም ይያቸው ነው ያልኩት። የዚህ ነገር መንስኤ ብዙ ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት የሚታከምም አለ። ሌላ ሰው ቢነግርህ እኔም ደስ ባለኝ። ሌላ ሰው ግን አያይም፤ ሁላችሁም አብራችኋቸው ትቆማላችሁ።»

«አክብረን ነው!»

«አውቃለሁ። በክብራችሁ ነው የተሸፈነው። እኔን አትመነኝ። አንድ ነገር ብቻ አድርግ። አብረሃቸው ስትሄድ፣ ስለ ዘንድሮ ገብስ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለፈለግከው አናግራቸው። አባትህ ሲቆሙ ግን አትቁም።»

እንደተሰደበ ሰው አየኝ። «አባቴን መንገድ ላይ ጥዬ ልሂድ? ሰው እያየ?»

«ትንሽ መንገድ ነው።»

«አላደርገውም፣ ኤልሮኢ። አንቺ አባት ስለሌለሽ አይገባሽም።»

ተናግሮት እንደጨረሰ ሊመልሰው አፉን ከፈተ፤ ምን ያደርጋል፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ገብስ ሊገዛ ዲንሾ ሄደ ሲባል ሰማሁ። ዲንሾ ኔትወርክ የሌለ ይመስል ሳምንቱን ሙሉ አልደወለም። በየቀኑ የሰው እግር እያሸሁ «አይዞዎት» እላለሁ፤ እኔን ግን አይዞሽ የሚለኝ አልነበረም።

ሲመጣ ክሊኒኩ ሊዘጋ ነበር። ገብቶ፣ ያኔ ትከሻውን ያሸሁበት አልጋ ላይ ተቀመጠ። ጫማው ላይ የጎባ ቀይ ጭቃ ደርቋል።

«አልቆምኩም» አለ።

ወንበር ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነው። እናቴ ከሴቶቹ ጋር ወደ ኋላ ቀርታለች። ስለ ገብሱ ጠየቅኳቸው። ቆሙ። እኔ ሄድኩ። መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ሊከተሉኝ እግራቸውን አነሱ፤ ንግግሩ ጠፋባቸው። ንግግሩን ሲፈልጉ እግሩ ጠፋባቸው። ዞር ስል መንገዱ መሃል እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፣ ኤልዬ። ‹ፍቅረየሱስ፣ ጠብቀኝ› አሉኝ።»

«ማነው ፍቅረየሱስ?»

«ወንድማቸው። እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔም እጁን ያዝኩት፤ ቂሜ ለጊዜው የት እንደገባ አላውቅም።

«እናቴ ሮጣ መጣች» አለ ቆይቶ። «ክንዳቸውን ይዛ ‹እኔ የሸፈንኩትን አደባባይ ታወጣዋለህ?› አለችኝ። ታውቅ ነበር። ዓመት አልፏታል። ያን ሁሉ ጊዜ ተያይዘው ሲሄዱ፣ እኛ ለፍቅር ነው ስንል…»

«ለፍቅር ነው እንጂ፣ አቢ። ለሌላ ምን ሆነና?»

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሱ ግን ቤተሰቡ ተሰብስቦ የተባለውን ሊነግረኝ ነበር የመጣው። እሸቴ የሁሉንም አፍ ዘግቷል። «አባታችን ቃል አልሰጠሁም ያሉት ታመው ከሆነ፣ እሺ ያሉትም ታመው ነው፤ የታመመ ሰው ቃል ቃል አይደለም፤ ስለዚህ ልጅቷ የያዘችው ነገር የለም» ብሏል።

ሳቅ መጣብኝ፣ የማይረባ ሳቅ። አለመዋሸቴን ለማስረዳት ያን ያህል ደከምኩ፤ ማስረጃዬ ግን ዞሮ እኔኑ በላኝ።

«አንተስ ምን አልክ?»

መልሱን ከፊቱ አነበብኩት።

ያኔ ነው የፈነዳሁት። «ስማኝ፣ አቤሴሎም። የሐኪም ቀጠሮ ይዤላቸዋለሁ። መታየት አለባቸው፤ ይህ ከእኔና ካንተ ነገር ጋር አይገናኝም። የኛን ነገር በተመለከተ ግን፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አባትህ ምን አሉ፣ እሸቴ ምን አለ ስንባባል ነው የኖርነው። አባትህ ታመው ነው ቃል የጠፋባቸው። አንተ ምን ሆነህ ነው?»

ቆመ። አፉ ተንቀሳቀሰ። ምንም አልወጣውም። በሩን ከፈትኩለት፤ ወጣ። ልጠራው ፈለግኩ፤ አልጠራሁትም። ቁጣዬ እስከሚበርድ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ከሱ በታች የነበረው ናፍቆት ነው።

ከዚያ በኋላ ባለው እሁድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ልብስ አጥባለሁ፤ እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ነው። የግቢው በር ተንኳኳ። እትዬ የሺሃረግ ከፈቱና ወደኔ ዞረው ዓይናቸውን አፈጠጡ።

ጋሽ ገብረ መድኅን በር ላይ ቆመዋል፣ ካባቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው። ክንዳቸውን እማማ ሰንበቴ ይዘዋል። ከኋላቸው አቤሴሎም።

«ግቡ እንጂ፣ ምነው ደጅ ቆማችሁ?» አሉ እትዬ የሺሃረግ።

«አንገባም» አሉ እማማ ሰንበቴ። «ደጅ ልንጠና ነው የመጣን።»

ሴት ሽማግሌ ሆና ደጅ ስትቆም በዚህ አገር አልታየም። አባት ለገዛ ልጁ ሲለምንም አልታየም። አጥሩ ላይ የጎረቤት አንገት በረከተ። ጋሽ ገብረ መድኅን በሩን አዩት፣ አጥሩን አዩት፣ እኔን ከነአረፋዬ አዩኝ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ጎንበስ አሉ።

«ሰንበቴ፣ ምን ፈልገን ነው የመጣነው?»

ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው። እማማ ሰንበቴ ከንፈራቸውን ነከሱ። አቤሴሎምን አየሁት። እንደለመደው ዝም ይላል ብዬ ልቤን አስቀድሜ አዘጋጀሁት።

«እኔ ልንገርዎ፣ አባባ» አለ። ከኋላቸው ወጥቶ አጠገባቸው ቆመ። «ይህችን ልጅ ለሚስትነት ልጠይቅ ነው የመጣሁት። እሸቴ አልመጣም። ሽማግሌም አልላክሁም። እርስዎ ቃል ሰጥተዋል ብዬም አይደለም። የራሴን ቃል ይዤ ነው። ከዚህ በፊት ነበር መምጣት የነበረብኝ፤ ዘገየሁ።»

መጨረሻውን ሲናገር የሚያየው እኔን ነበር። አረፋው ከእጄ ላይ እየተንጠባጠበ ቆሜ ቀረሁ።

ጋሽ ገብረ መድኅን ረጅም ጊዜ አዩኝ። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ጥያቄ ይህ ነው። ምንም ክፋት አልነበረበትም፤ ሽማግሌ ሁሉ የሚጠይቀው ነው። አፌን ከፈትኩ። እንደ አቤሴሎም ሆንኩ፣ ምንም አልወጣኝም።

«የኔ ልጅ ናት» አሉ እትዬ የሺሃረግ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ውሃ አብዝታ ታፈሳለች እንጂ ሌላ ነውር የለባትም።»

«እንግዲያማ ደህና ደጅ አላት» አሉ ጋሽ ገብረ መድኅን፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው።

እዚህ ላይ እሺ ተብሎ እልል የሚባል መስሎኝ ነበር። እትዬ የሺሃረግ ግን ወግ ይወዳሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ወገን ይምከርበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሏቸው። ምን ወገን አለኝ? በዓይኔ ብለምናቸው እንዳላየ ሆኑ። አቤሴሎም ግን ከስንት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ሳቅ ሳቀ፤ እኔም በንዴቴ መሃል ሳቅኩ።

ወደ ጎባ ሚኒባስ ልሸኛቸው ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ማንም አላወራም፤ ካናገርናቸው እንደሚቆሙ አሁን ሁላችንም እናውቃለን። እማማ ሰንበቴ በአንድ ጎን፣ አቤሴሎም በሌላው ጎን ክንዳቸውን ይዘዋል። ደብቆ መያዝ ቀርቷል። የሐኪሙ ቀጠሮ ለማክሰኞ ነው፤ ምን እንደሚል አናውቅም። ስንዴው ቢጫ ሆኖ እስከ ተራራው ግርጌ ተዘርግቷል። የሚሰማው የሳቸው ጫማ መፈተግ ብቻ ነበር።

ማቆሚያው ጋ ልንደርስ ስንል ጋሽ ገብረ መድኅን ወደኔ ዞሩ። ቆሙ። ሁላችንም ቆምን።

«ኤልሮኢ ልጄ» አሉ። ስሜን ካሰብኩት በላይ አጥርተው ጠሩት። «ደጅ የሌለው ሰው የለም። እሁድ ጠዋት ሽማግሌ እልካለሁ። በሩን ክፍት አድርጊው።»

አቤሴሎም ቀና አለ።

«ይህንን ነበር ያሉሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ይህንኑ።»

ዓይኑ ሞላ፤ የአባቱን ክንድ ግን አለቀቀም። ያን ያህል ጊዜ ስፈልገው የነበረው ምስክርነት በመጨረሻ መጣልኝ፣ ልጠቀምበት ግን አልፈለግኩም። ጋሽ ገብረ መድኅን መልሴን ይጠብቃሉ። መልስ ሳያገኙ አይራመዱም።

«እሺ፣ አባባ» አልኳቸው። «ክፍት ይሆናል።»

ከዘራቸውን አነሱ። አብረን ተራመድን።